ጸሎቷ አጸደ እና ፀሐይዋ አፀደ

«አንቺን አልጠየቅኩም፤ አፀደን ነው የጠየቅኩት» አለ አጋፋሪ ጓንጉል።

በመስኮቱ ቀዳዳ የሚታየው አፉ ብቻ ነበር። በዚያ አገር የሹም ፊት አይታይም፤ አፉ ግን ይታያል።

«አጸደማ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ጸሎቷ ነሽ። መስኮቱ የሚፈልጉት ፀሐይዋን ነው።»

«ሲጠሩት እኮ አንድ ነው። እስቲ ይጥሩኝ።»

«አጸደ!»

«አቤት።»

«አፀደ!»

«አቤት።»

«አየሽ፤ በሁለተኛው አቤት ማለት አልነበረብሽም። የሰው ስም ነው።»

ከኋላዋ ከተሰለፉት አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ሌላው «ኧረ እቴ ቶሎ በይ፤ ሰማዩ ሳይጠራብን» አለ። ሰማዩ ከጠራ ጉዳይ የለም። ለምን እንደሆነ እንነግራችኋለን፤ ይገባችሁ እንደሆነ ግን አናውቅም።

አጸደ የወንዝ ማዶ ልጆች መምህርት ናት። አባቷ ስሟን በጸሎቱ «ጸ» ጽፎላታል። የወንዝ ማዶ ክፍል ወደ መስኮት በተገለበጠ ቀን፣ ገልባጩ ስሟን ሁለት ጊዜ ጻፈው። አንዴ ከላይ፣ መምህርት ከሚለው ጎን፣ በጸሎቱ «ጸ»። አንዴ ደግሞ ከታች፣ ከልጆቹ መካከል፣ በፀሐዩ «ፀ»። ለምን? እንቅልፍ ይዞት ይሆናል። ምሳ ደርሶ ይሆናል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአገሩ ላይ አንዲት አዲስ ሰው ተፈጠረች። አባት የላትም፤ እናት የላትም፤ ቤት የላትም። ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቅረት። በየቀኑ ትቀራለች።

*

በዚያ አገር ድሮ በር ነበረ ይባላል።

ጉዳይ ያለው ሰው በር ያንኳኳል። በረኛ ይሰድበዋል። ይለምናል፤ ይገባል፤ ከውስጥ ሌላ በር ያገኛል። ሰው በበርና በበር መካከል ያረጅ ነበር። ይህን ያየ ገዢ ተነሣ። ፊቱን ያየው የለም፤ አቅላይ ይሉታል። «ነገር ሁሉ ይቅለል» ሲል ዐወጀ።

መልካም ዐዋጅ ነበር። እኛም አጨብጭበናል።

«ከእንግዲህ ጉዳይ በበር አይግባ፤ በመስኮት ይግባ» ተባለ። በር ደፋኞች ድንጋይና ጭቃ ይዘው በየሰፈሩ ዞሩ። በመጀመሪያ የሹማምንቱን በር ደፈኑ፤ ቀጥለው የዳኛውን፣ የሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን። አንዴ መድፈን ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቃታቸውና የሰዉንም ቤት ደፈኑ። «ሰው ወደ ገዛ ቤቱ በምን ይገባል?» ያለ አንድ ሽማግሌ ነበር። «ጥያቄዎን በመስኮት ያቅርቡ» አሉት። አቀረበ። መልስ ሲጠብቅ ሞተ፤ አስከሬኑ በመስኮት ወጣ። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጁ አገባ፤ ሙሽራዋ በመስኮት ገባች፤ ቀሚሷ ተቀደደ። ቀለለ ተባለ።

ነገር ይቅለል እንጂ ሰው ይቅለል አልተባለም ነበር። ግን ማን ለይቶ ያውቃል።

*

ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ መዳፍ የምታክል የኪስ መስኮት ታደለች። የኪስ መስኮት ነፋስ ትወዳለች፤ ነፋስ ከሌለ አትከፈትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጉብታ ላይ ይወጣል፤ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ባለበት ይሽከረከራል። ከሩቅ የሚያይ መንገደኛ «ይህስ ሕዝብ ምንኛ ጸሎተኛ ነው!» ብሎ ያልፋል።

የተጻፈው ሁሉ የት ይቀመጣል? ደመና ላይ። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም፤ ሹማምንቱ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን አጋፋሪው አንገቱን አውጥቶ ያይና «ዛሬ ደመና የለም» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ባለጉዳዩም ፀሐይ ስትወጣ ያዝናል። ክረምት ሲገባ ጉዳይ ሁሉ ይሠራል፤ ነገር ግን መዝገቡ አብሮ ይዘንባል ብለው የሚፈሩ አሉ። እነዚህ እንስራ ደጅ አውጥተው ጠብታ ያጠራቅማሉ። የመሬት ክርክር የነበረበት አንድ ሰው፣ የጠጣው ውሃ የራሱ ፋይል እንደ ነበር ምሎ ተናግሯል። «ጣዕሙስ?» ቢሉት፣ «ውሳኔ ያላገኘ» አለ።

*

የዚያ አገር ሰው ከቃል ሁሉ «ገባ»ን ይወዳል።

ድሮ መምህር ትምህርቱን ጨርሶ «ገባችሁ?» ሲል ልጆች ራሳቸውን ያክኩ ነበር። አንዱ ገብቶት ሌላው ሳይገባው ይቀር ነበር፤ ያልገባው ያፍር ነበር፤ ሲያፍር ደግሞ ይጠይቅ ነበር። አሁን የሚያፍር የለም። ልጁ ጠዋት የኪስ መስኮቱን ይከፍታል። ትምህርቱ በመስኮቷ ውስጥ እንደ ሰልፈኛ ያልፋል። ልጁ በአውራ ጣቱ ይጫናል። መስኮቷ «ገብቷል» ትላለች። የገባ ልጅ ቀኑ ሞላለት ይባላል። ቀኑ የሞላለት ተማረ ይባላል።

የወንዝ ማዶ ልጆችም እንዲሁ ነበሩ፤ ደመና በሌለበት ቀን ካልሆነ በቀር። ደመና በሌለበት ቀን መስኮቶቹ ይታወራሉ፤ ያኔ አጸደ ጠመኔዋን ታነሣለች። ልጆቹን በመስኮት አስወጥታ ደጅ ትወስዳቸዋለች። አንድ ዱላ መሬት ላይ ታቆማለች። ከዱላው ጥላ ተነሥተው የባሕር ዛፉን ቁመት እንዲያገኙ ትጠይቃቸዋለች፤ ማንም ዛፉ ላይ ሳይወጣ።

«ገባችሁ?» አለች አንድ ቀን።

«ገብተናል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«መግባታችሁን አይደለም። ገባችሁ ወይ ነው ያልኳችሁ።»

ልጆቹ ተያዩ። ውድነሽ የምትባለው፣ ጥርሷ የተሸረፈ ወሬኛ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ዛሬ ደመና የለም እኮ። በምን እንገባለን?»

«ጥላው ነው ወይስ ዛፉ የሚረዝመው ማለቴ ነው።»

«እሱማ ጠዋት ከሆነ ጥላው፣ እኩለ ቀን ከሆነ ዛፉ።»

«በይ እንግዲህ፤ ገብቶሻል።»

«የት?» አለች ውድነሽ፤ ዙሪያዋን እያየች።

እነዚያ ቀኖች አይቆጠሩም። በጠራ ሰማይ የተማሩት ሁሉ በመስኮቱ ዘንድ አልተማሩትም።

*

ልጆቹ የማትመጣውን ልጅ ወደዷት። ጠዋት ጠዋት መስኮቶቻቸው የክፍሉን ስሞች ሲያሳዩ፣ ከሁሉ በታች «አፀደ፣ ቀርታለች» የሚል ይመጣል።

«እትዬ፣ አፀደ ዛሬም ቀረች?»

«አፀደ የምትባል ልጅ የለችም ብያችኋለሁ።»

«እናውቃለን፤ ቀርታ ነው።»

«ታማ ይሆናል» አለ አንዱ።

«ኧረ ሰነፍ ናት!» አለ ሌላው።

«አንተ ነህ ሰነፍ! እሷ የእንጀራ እናት አላት፤ ውሃ ቅጂ እያለች አትለቃትም» አለች ውድነሽ፤ ይህን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

አግዳሚው ላይ ቦታ አስቀመጡላት። በቦታዋ የተቀመጠ ልጅ ይገፈተራል። አንድ ቀን አጸደ ደክሟት እዚያች ቦታ ላይ ቁጭ አለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ጆሮዋ አጠገብ መጥታ «እትዬ፣ የሰው ቦታ ነው» አለቻት።

አጸደ ተነሣች።

*

አሁን ስለ ላይኛው ቤት።

በአገሩ ያልተደፈነ አንድ በር ቀርቷል፤ የላይኛው ቤት በር። በዓመት አንድ ቀን ይከፈታል። ክፍል በሙሉ ከመምህሩ ጋር ይመጣል። መምህር ከበሩ በስተቀኝ ይቆማል፤ ተማሪዎች በስተግራ ይሰለፋሉ። ስም ይጠራል። የተሟላ ክፍል ይገባል፤ መምህሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ሰው የጎደለበት ክፍል አይገባም። ከልጆቹ አንዱም ቢሆን፣ መምህሩም ቢሆን፣ የጎደለ የጎደለ ነው።

ያልገቡ ልጆች ለበር ደፋኞች ይሰጣሉ። የውድነሽ ታላቅ ወንድም አምና ተሰጥቷል፤ በእርሱ ክፍል አንድ ልጅ ሞቶ ነበርና ክፍሉ አልሞላም። ያ ወንድሟ ዘንድሮ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ መጣ። የተሰነጠቀውን የገዛ እናቱን በር ድፍን ዳግም የመረገው እርሱ ነው። እናቱ በመስኮት እንጀራ አቀበለችው፤ በልቶ ሄደ።

ሌላም ሕግ አለ፤ ቀኑ ያልሞላለት አይወጣም ይላል። ወደ ላይኛው ቤት ከገቡት መካከል ቀኖቻቸው የሞሉት ደረጃውን ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ነው። የቀኑ ቁጥር የጎደለበት ግን ደረጃውን ወደ ታች ይወርዳል። የቀረበትን እያንዳንዱን ቀን እዚያ፣ ከግድግዳው መስኮት ፊት ተቀምጦ ይከፍላል። ጥቂት የቀረ ጥቂት ይቀመጣል። ሁልጊዜ የቀረስ? እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞ አያውቅም ነበር።

*

አጸደ እንደገና ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሥራ በሥራ ነው።

«ይሰርዟት» አለች።

አፉ ክፍት ብሎ ቀረ። «ሰው ልሰርዝ? ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሰው አይደለችም፤ ስሕተት ናት።»

«ስሕተት ብትሆን መስኮቱ ይነግሩኝ ነበር። መስኮቱ የሚሉት ቀርታለች ነው። የሌለ ሰው እንዴት ይቀራል? ለመቅረት እኮ መኖር ያስፈልጋል።»

 እውነት ለመናገር ለዚህ እኛም መልስ የለንም።

«እንግዲያው እኔው እሷ ልሁን» አለች። «ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ እገባለሁ።»

«መምህርቷስ?»

«እሷም እኔው ነኝ።»

«አንድ አካል ሁለት ስም አይሸከምም። ከግራ ብትቆሚ ከቀኝ ትጎድያለሽ። ከቀኝ ብትቆሚ ከግራ።»

«ጌታዬ፣ እስቲ ጎንበስ ብለው ፊቴን ይዩት። ከበጋ ጀምሮ ስመላለስ ሁለት ሰው ሆኜ አውቃለሁ?»

«መስኮቱ ፊደል እንጂ ፊት አያውቁም።»

«እርስዎስ?»

አጋፋሪው ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «እኔም ያው ነኝ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ቀጠን ብሎ።

ከኋላ ሰልፉ ይንጫጫል፤ «ደመናው እየሄደ ነው!» የሚል ጩኸት አለ። አጸደ መስኮቱን በእጇ መታችው።

«አለች ካላችሁ ፈልጓታ! ፈልጋችሁ አምጧታ!»

አጋፋሪ ጓንጉል ደስ አለው። ከውስጥ አንድ ነገር ሲጫን ተሰማ።

«ጥያቄሽ ገብቷል» አለ።

«የቱ ጥያቄ?»

«ትፈለግልኝ ያልሽው።»

«ተናድጄ ነው እኮ!»

«መስኮቱ ንዴት የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ፤ ወይም አፉ ዞረ።

*

የላይኛው ቤት በር የሚከፈትበት ቀን ቀረበ። አጸደ አካል ልትዋስ ሰፈሩን ዞረች።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ አንድ ቀን ብቻ አፀደ ሁኚልኝ።»

«ውይ! እኔማ በስሜ ገብቻለሁ» አለች ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ። «አንድ ሰው ሁለቴ ከገባ ደመናው ይቀደዳል ብለውናል። እህል የሚታደልበት ጊዜ ነው ደግሞ።»

«ያልገባ ሰው ታውቂያለሽ?»

«ያልገባ?» ሴትየዋ አሰበች። «ያልገባው እንኳ ሞልቷል። ያልገባ ግን የለም።»

ሁሉም እንዲሁ አለ። አጸደ ተስፋ ቆርጣ ተመለሰች። ልጆቹን ግን አላስቀረቻቸውም። ምናልባት አጋፋሪው ያዝን ይሆናል ብላ፣ ምናልባት ስሙን ዘሎት ያልፍ ይሆናል ብላ፣ ፊታቸውን አሳጥባ፣ ፀጉራቸውን አስበጥራ ይዛቸው ወጣች። ከኮረብታው ሥር በር ደፋኞች ቆመዋል፤ ባዶ የድንጋይ ቃሬዛ ይዘው ይጠብቃሉ። ውድነሽ ወንድሟን ከመካከላቸው አይታ እጇን አወዛወዘች። እርሱ መሬት መሬት አየ።

*

ልጆቹ በር አይተው አያውቁም።

«እትዬ፣ መስኮት ነው?» አለች ውድነሽ፤ እንጨቱን እየዳበሰች። «ታዲያ ለምን እስከ መሬት ወረደ?»

«ሰው ቆሞ እንዲገባበት ነው።»

«ቆሞ? ሳይዘል?»

«ሳይዘል።»

«ሲቀል!»

በሩ ተከፈተና አጋፋሪ ጓንጉል ወጣ። ሙሉውን ወጣ። አጭር፣ ቀጭን፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው ነበር። ልጆቹ ሹም እግር እንዳለው አያውቁም ኖሮ «እግር አለው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሌላው አፉን ያዘው። አጋፋሪው አልተቆጣም። ቀና ብሎ አላያቸውም። በክንዱ ያቀፋትን ትልቅ መስኮት ብቻ ያያል።

«የወንዝ ማዶ ክፍል» አለ። «አንድ ተማሪ ይጎድላል።»

አጸደ ወደ ፊት ራመድ አለች፤ ልትለምን። ያኔ ከኮረብታው ጥግ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ሁለት ፈላጊዎች፣ ከጉልበታቸው በላይ አቧራ የለበሱ፣ አንዲት አሮጊት በበቅሎ አስቀምጠው መጡ።

«ተገኘች!» አለ አንደኛው። «ከቆላ፣ ከሦስተኛው ወንዝ ማዶ። አፀደ፤ በፀሐዩ። አጣርተናል።»

«ተመስገን» አለ አጋፋሪው፤ ለመስኮቷ።

አሮጊቷን አወረዷት። ወገቧን ያዘች። ዙሪያዋን ስትመለከት ከሁሉ ይልቅ ሰው የምትመስለው አጸደ ሆነችባትና ወደ እርሷ መጣች።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስፈለግሽኝ።»

«እማማ፣ ስምዎ...»

«አፀደ ነኝ። እኔ ፊደል አላውቅም ልጄ፤ የቆላው መስኮት ጸሐፊ እንዳሻው ጻፈኝ። እነዚህ ልጆች ሌሊት መጡና፣ ወረቀቱን አዩና፣ እሷው ናት አሉ። ብዙ ቀን ቀርተሻል አሉኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከየት ነው የቀረሁት?»

አጸደ ወደ አጋፋሪው ዞር አለች።

«ኧረ ተናገሪ። ቶሎ መልስ ሰጥቼ መመለስ አለብኝ። ልጄ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። እኔን እንጂ ማንንም የላትም፤ ባሏን ለበር ደፋኝነት ወስደውታል። ውሃ አፍልተሽ ጠብቂኝ፣ መጣሁ፣ ብያት ነው የወጣሁት።»

«ተማሪዋ ወደ ግራ!» አለ አጋፋሪው።

ፈላጊው የአሮጊቷን ክንድ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አጸደ «ይህች ተማሪዬ አይደለችም» ብትል ክፍሉ ይጎድላል፤ ልጆቹ ኮረብታውን ወርደው ቃሬዛው ሥር ይገባሉ። ዝም ብትል ልጆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አሮጊቷ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የቀረችባቸው ቀኖች ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እዚያ ይጠብቋታል። በቆላ ደግሞ ውሃው ይፈላል።

አጸደ ልጆቹን አየች። ውድነሽ አሮጊቷን ከእግር እስከ ራስ እየመረመረች ነው። «አፀደ አንቺ ነሽ?» አለቻት በመጨረሻ፤ በጣም ተደንቃ። «እኛኮ ትንሽ መስለሽን ነበር።»

«ትንሽማ ነበርኩ» አለች አሮጊቷ።

አጸደ የፈላጊውን እጅ ከአሮጊቷ ክንድ ላይ አነሣች፤ በቀስታ፣ የሰው ልብስ ላይ የተጣበቀ እሾህ እንደምታነሣ። አሮጊቷን በትከሻዋ ይዛ ወደ በሩ ቀኝ ወሰደቻትና ግንቡን አስደግፋ አቆመቻት።

«እዚህ ይቁሙ፣ እማማ። የሚጠይቅዎ የለም። ሲሉዎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«አንቺስ?»

አጸደ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና በልጆቹ ሰልፍ መጨረሻ፣ ከውድነሽ ኋላ ቆመች። ፈላጊዎቹ ተያዩ። አንደኛው አፉን ሊከፍት ሲል ሁለተኛው በክርኑ ጎሸመው፤ ደክሟቸዋል፤ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሰው የሚፈለግበት አገር አለ።

«እትዬ፣ ሰልፍ ተሳሳቱ» አለች ውድነሽ። «የእርስዎ ቦታ በዚያ ነው።»

«ዛሬ ተማሪ ነኝ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አንጋጣ አየቻት። ሳቅ መጣባት፤ ከዚያ ሳቁ ሄደ። ድምፅዋን አሳንሳ ጠየቀች።

«እንግዲያው... አንቺ ልበልሽ?»

«በይኝ።»

«አንቺ» አለች ውድነሽ፤ አፏ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ለመሞከር። አልጣማትም መሰለን፤ ዞረች።

አጋፋሪ ጓንጉል ይቆጥራል። መምህርት፤ ከቀኝ አንድ አካል አለ። ተማሪዎች፤ ከግራ አንድ በአንድ። መጨረሻው ላይ ደረሰ። መስኮቷ ከክንዱ ላይ «ሞልቷል» አለች።

እርሱ ግን አላጠፋትም። ለምን እንደሆነ አናውቅም፤ ቀና አለ። አጸደ የሰውየውን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው፤ ቀይና እንቅልፍ ያጣ ነበር። ዓይኑ ከእርሷ ላይ ተነሥቶ ወደ አሮጊቷ ሄደ፤ ከአሮጊቷ ወደ እርሷ ተመለሰ። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

«መምህርት» አለ ወደ ቀኝ ዞሮ፤ ለአሮጊቷ እጅ ነሣ። «ወደ ቤትዎ ይመለሱ።» ከዚያ ለፈላጊዎቹ፦ «በቅሎዋን ስጧቸው።»

«በቅሎዋ የመንግሥት ናት፣ ጌታዬ።»

«መምህርት በእግራቸው አይሄዱም» አለ አጋፋሪው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ይኑር አይኑር የሰማ የለም።

ልጆቹ መግባት ጀመሩ። ሳይዘሉ፣ ቆመው፣ አንዳንዶቹ ደፉ ላይ ሲደርሱ ከልማድ እግራቸውን ከፍ እያደረጉ። ከውስጥ ጨለማ ነው፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። አጸደ መጨረሻ ገባች። አጋፋሪው ከኋላዋ ገብቶ መዝጊያውን መግፋት ጀመረ፤ ከባድ ነበርና በትከሻው ገፋው።

አሮጊቷ በቅሎዋ ላይ ወጥታ ነበር። ልጓሙን ከያዘች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ተጣራች። «ኧረ ስምሽን አልነገርሽኝም! ልጄ ሴት ከወለደች ማን እንበላት?»

አጸደ በቀረችው ስንጥቅ በኩል ዞር አለች። አፏን ከፈተች።

በሩ ተዘጋ።